አፏን በወረቀት ስትሸፍን

ድምፅ ማጉያው ከሰሌዳው በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ ፊቱ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ነው። ባቲላሜራው ከኋላ ረድፍ ሆኖ አንጋጦ አየው። ሰው ቢሆን ቢያንስ አፍ ይኖረው ነበር።

ፈታኙ «አሁን የማዳመጥ ፈተና ነው» ያለው ፊቱን ወደ ተፈታኞቹ አዙሮ ስለነበር፣ ባቲላሜራው ይህችን ከከንፈሩ አገኛት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነ። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ እንደተነጋገረ ሰው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ለእነሱ የሆነ ነገር መነገር ጀምሯል ማለት ነው። ለእሱ የደረሰው ግን ከሰፈር ማዶ የሚያልፍ የጭነት መኪና የመሰለ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ጆሮውን በመዳፉ ደግፎ ሞከረ። ዘንበል ብሎ ሞከረ። አጠገቡ ከተቀመጠችው ሴት ወረቀት ሊሰርቅ ዓይኑን ሲልክ በክንዷ ከለለችበት፤ አፍሮ መለሰው። በሩ ጥግ የቆመው ሁለተኛው ፈታኝ ደግሞ የሚወዳት ሴት ወንድም ነው፤ ገና ከመግባቱ ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለለትም። ባቲላሜራው እርሳሱን አስቀመጠ፣ ክንዱን አጣጠፈ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ። ልጅቷን ያጣት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ገብቶታል።

እንግዲህ ምን ይደበቃል፣ ሰውየው አይሰማም። ጭራሽ ጭጭ ያለ ዓለም ውስጥ ነው ማለቴ አይደለም። የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ በር ሲወረወር ይሰማል፣ ሰው መናገሩንም ያውቃል፤ ምን እንደተናገረ ግን አያውቅም። ባቲላሜራ ነው፤ ከጉርምስናው ጀምሮ የተጨረማመተ የመኪና በርና ኮፈን በመዶሻ ሲያቃና የኖረ ሰው ነው፤ ያ የላሜራ ጩኸት ቀስ በቀስ ገብቶ ጆሮውን በላው። ተደብቆ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። «ነርቩ ነው የተጎዳው» አለው ሐኪሙ፣ ደግነቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ። «መሣሪያ ብታደርግም ድምፁን ያጎላልሃል እንጂ ቃሉን አይለይልህም። መዶሻውን ቶሎ ተው።» አመስግኖ ወጣ። ለእናቱም ለአሠሪውም ትንፍሽ አላለም። ደንቆሮ የሚባለው ስድብ ገና ማንም ሳይሰድበው ውስጡ ሆኖ ይጮህበት ነበር።

ታዲያ እንዴት ኖረ ካላችሁ፣ በዓይኑ ነው። ሰው ሲያወራ ከንፈሩን ያያል፤ ያመለጠውን በግምት ይሞላል። ግምቱም ሲያልቅበት ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። መነቅነቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሰው ሁሉ ደግሞ የሚነቀንቅለት ሰው ይወዳል፤ ባቲላሜራው በሰፈሩ ጨዋታ አዋቂ የተባለው እንዲህ ሆኖ ነው።

ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከጎማ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሳይቀር ጎማ ጎማ ይሸታል። እዚያ የተመዘገበው አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የተጋጩ መኪኖችን ጉዳት የሚገምት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ፣ ይቅርታ፣ አይቶ ነው። ሥራውን ያውቀዋል፤ የጎደለው እንግሊዝኛው ነው። ከመዶሻው ሸሽቶ የቀረችውን ጆሮ ለማትረፍ የታየው መንገድ ይሄ ብቻ ነበር።

መምህርቷ የምታስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን የሚያምታቱ፣ ድምፃቸው የሚመሳሰል የእንግሊዝኛ ቃላትን መለየት። «አንዳንዶቹ መንትያ ናቸው» ትላለች። «የመኪና ፍሬን ‹ብሬክ› ነው፤ መስበርም ‹ብሬክ› ነው። ሳምንት ‹ዊክ› ነው፤ ደካማም ‹ዊክ› ነው። ሲጻፉ ይለያያሉ፣ ሲነገሩ ቁርጥ አንድ ናቸው። እነዚህን በጆሮ እለያለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ከፊትና ከኋላ የቆመውን ቃል ጠይቁት፤ እሱ ያጋልጣቸዋል። አንዳንዶቹ ግን የአክስት ልጆች ናቸው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።» ከዚያ ወደ ሆቴል ምግብ አብሳዩ ዞር ትላለች። ሰውየው መሥራትን ‹ወርክ› ማለት ትቶ መራመድ የሚለውን ‹ዎክ› ይጠራና፣ ለአዲሱ አለቃው ሆቴሉ ውስጥ ቀን ከሌት እንደሚራመድ በኩራት ነግሮታል። «አለቃዬም ‹እሱንማ አይቻለሁ፣ ሥራ የምትጀምረው መቼ ነው› አለኝ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ባቲላሜራው ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ መሰለ። በግ ለማለት ‹ሺይፕ› ስትል ከንፈሯ ወደ ጎን ይሳባል፣ ልትስቅ ያለች ትመስላለች፤ መርከብ ለማለት ‹ሺፕ› ስትል ያርፋል። ያያል፣ ይለያል። ማሸግ የሚለው ‹ፓክ› እና ጀርባ የሚለው ‹ባክ› ግን ያበግኑታል፤ ለሁለቱም ከንፈር እኩል ነው የሚገጥመው። መንትዮቹ እንዲያውም ይሻሉታል፤ እነሱ ላይ ሲደረስ የሚሰማውም የማይሰማውም እኩል ነውና።

ጣጣው የሚመጣው ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ነው። መምህርቷ አንድ ወረቀት አንስታ አፏን ትሸፍንና ቃል ትጠራለች። የመጀመሪያው ቃል የመሰለው ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው የመሰለው ግራ እጁን ያወጣል። ባቲላሜራው ከኋላ ተቀምጦ የፊተኞቹን እጅ አይቶ የእሱን ያወጣል። ሁልጊዜ ትክክል፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ። ምግብ አብሳዩ «ገደል ማሚቶ» የሚል ስም አወጣለት፤ ክፍሉ ስሙን ወደደው፣ ባለስሙም አብሮ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። አንድ ቀን ሰው ሲበተን «አንተ ቆይ» አለችው። «ለምን እንደምትዘገይ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን አፏ ላይ አደረገች። ከወረቀቱ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። የሚኮርጅበት እጅ የለም። ያቺን ነጭ ወረቀት እያየ ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ማምለጫ ሲያጣ እውነቱን ተናገረ።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን አውርጂው። ፊትሽን ካላየሁ መማር አልችልም።»

ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ጉንጯ ቀልቷል። በኋላ እንደነገረችው፣ እስከዚያ ቀን ያወሯት ወንዶች ሁሉ ዓይናቸው ይቀላውጥ ነበር፤ ይሄ ግን አንዲት ቃሏ እንዳትወድቅበት ፊቷ ላይ ተተክሎ ይውላል። ባቲላሜራው እንዴት እንደተረዳችው ከፊቷ አነበበ። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ማለት ነበረበት። ግን እንደዚያም ማለቱ ነበር እኮ፤ ለራሱም የገባው ገና ያን ጊዜ ነው። ደስ ብሎታል፣ ፈርቷልም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ቢጠይቁት አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ እፍ ያለ ፍቅር ውስጥ ገቡ። ካፌ ሲገቡ ጎኗ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ቀኑ ጨለምለም ሲል ብርሃን ያለበትን ጠረጴዛ ይመርጣል። ስታወራ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል እንጂ ዓይኑን ወደ ብርጭቆው አያወርድም። እሷ ይሄን ሁሉ ከፍቅር ቆጠረችው፤ እሱም አላረማትም።

አንድ አመሻሽ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥተው በእግራቸው ሲሄዱ መንገዱ ጠበበና ጎን ለጎን ሆኑ። መምህርቷ ጫማዋን እያየች ማውራት ጀመረች። ረዘም ያለ ወሬ ነበር። ጉንጯ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ከንፈሯን ግን ፀጉሯ ጋርዶታል። ቀድሟት ዞሮ ሊያያት ፈለገ፣ መንገደኛው በዛበት። «ምን አልሽ?» ቢላት ደግሞ አንዴ ብላ አትተወውም፤ ለምን እንዳልሰማት ልትጠይቀው ነው። ስለዚህ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ነቀነቀ። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ርጥብ ነው። የሳቅ እንባ ይሁን የሌላ አልለየውም፤ ፈገግ አለላት።

መምህርቷ መሀል መንገድ ላይ ቆማ አየችው፣ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያዘች። ያን በላሜራ የተቦጫጨረ ሻካራ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጉንጯ ወሰደችው። ምን እንደነገረችኝ አንድ ቀን ዘዴ ፈልጌ እጠይቃታለሁ አለ በልቡ። እየቆየ ሲሄድ ዘዴውም ድፍረቱም ጠፋ። ያን ቀን እጁን ለምን እንደያዘችው ሳያውቅ፣ በዚያው እጅ ሊያገባት ተነሣ።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠውት፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ጥቁር ቅባት አዩና ፍርዳቸውን ሰጡ። «መዶሻ ይዞ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም። ቢሮ ግባ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ልጅቷ ቆሽቷ አረረ። እሱ ግን «እገባለሁ» አለ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ፈተና ማዳመጥ እንዳለበት ያውቅ ነበር። እሱ ያሰበው ግን እንደ እሷ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያነብ ነው። የእሷ ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፅ፣ በወረቀት ቢጋረድም እንኳ፣ ሁልጊዜ ፊት ነበረው። ካሴት ማጫወቻ እንዳለ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር እንዳለ ለአንድ አፍታ እንኳን አልታሰበውም። እሷም አላሰበችለትም፤ ምን ብላ ታስብለት?

ከፈተናው በማግስቱ ጋራዡ እንደ ወትሮው ይጮሃል። ባቲላሜራው በዓለም ላይ እንደ ሰው የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው። መዶሻው፣ መቁረጫው፣ የቀለም መርጫው ሞተር አንድ ላይ ሲነሣ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ይሆናል፤ ሁሉም የሚግባባው በከንፈርና በእጅ ነው። ቀለም ቀቢው ጋሼ ከወዲያ ጥግ በከንፈራቸው «ሻይ?» ይሉታል፣ እሱ ከወዲህ «ስኳር ይቀንስ» ይላል። ማንም ድምፁን አያባክንም። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነው ያደረው፤ ቢሆንም አንድ የተሰረጎደ በር ሥር ቁጭ ብሎ ሲቀጠቅጥ ትንሽ ቀለል አለው።

ቀና ሲል በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ የጉዞ ቦርሳ ይዛለች።

«ወንድሜ ሁሉን ነገረኝ» አለች እየጮኸች። መጮኋን ያወቀው ከተገታተረው የአንገቷ ሥር ነው። «እጅህን አጣጥፈህ በመስኮት ስታይ ነበር። አንዲት መልስ እንኳን አልሞላህም።»

«እውነት ነው» አላት።

«ምን አልክ?» ጆሮዋን አስጠጋችለት። በዚያ ጩኸት መሀል የማይሰማው ሰው እሷ ነበረች። አጠገቧ ሄዶ ደገመላት። ፊቷን መልሳ አዞረች፤ እሱም ዓይኑን ከንፈሯ ላይ ተከለ።

«አባዬ ‹ንቆን ነው› አለ። አክስቴ ያለችበት ከተማ ሊወስደኝ ነው። እዚያ ሥራም ተገኝቶልኛል፣ ባልም ተገኝቶልኛል። አውቶቡሱ ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። አባዬ መነኸሪያ ይጠብቀኛል።» ትንፋሿ አጠራት። «እኔ ግን አላመንኩም። አንተ እንደዚያ አታደርግም። ለምን እንደሆነ ንገረኝና ልመንህ።»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ እንግሊዝኛም አይደለም። ግን ልጃቸውን ለባለመዶሻ የማይሰጡት ዳኛ ለደንቆሮ ሊሰጡ ነው? እሷስ? ያን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ሲያይ የኖረው ለምን እንደሆነ ስታውቅ ከፍቅራቸው ምን ይተርፋል?

«አልቻልኩም» አለ ብቻ።

«አልቻልኩም ነው አልፈለግኩም?»

ያን ጊዜ የምሳ ሰዓት ደረሰና መዶሻው ሁሉ አንድ ላይ ቆመ። ያወቀው ከእግሩ ሥር ወለሉ መንቀጥቀጡን ሲተው ነው። ሠራተኞቹ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ያላዩ መስለው፣ ሁሉም ጆሮውን ወደዚህ ጣለ። መምህርቷ ፀጥታው ሲመጣ አንጀቷ አልቻለም፤ እንባዋ መጣ። መሀረቧን አወጣችና አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች።

ከመሀረቡ ጀርባ ታወራለች። ጨርቁ ትርግብ ትርግብ ሲል ያያል። ከጨርቁ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል፤ ያ የመጀመሪያው ቀን፣ ያ ወረቀት። ዛሬ ግን አውርጂው ቢላት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ እያለቀሰች ያለችን ሴት! ቅንድቧ ወደ ላይ ሲነሣ አየ። ጥያቄ ነው ማለት ነው። ትጠብቃለች። ምናልባት «ትወደኛለህ ወይ» ነው ያለችው፤ ምናልባት «ደግመህ ትፈተናለህ ወይ» ነው። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው።

ፈገግ አለላትና ራሱን ነቀነቀ።

መሀረቡ ወረደ። ከንፈሯ ግጥም ብሏል። ዓይኗ ውስጥ የነበረው ነገር ሲጠፋ በዓይኑ አየው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ቦርሳዋን አንስታ፣ ምንም ሳትል፣ በመጣችበት በር ወጣች። ባቲላሜራው ደህና የመለሰ መስሎት ቆሞ ቀረ፤ ልቡ ግን ከእሱ ቀድሞ ፈርቷል።

ጋሼ ቀለም ቀቢው መጥተው ትከሻውን ያዙና ወደ ራሳቸው አዞሩት። «አንተ ሰው ነህ?»

«ምን አደረግኩ፣ ጋሼ?»

«ምን አደረግኩ ትለኛለህ ደግሞ? ልጅቷ ምን አለችህ? ‹አትሂጂ በለኝና አባቴንም ጥዬ እቀራለሁ። ከአፍህ ልስማው፤ ልሂድ ወይ?› አለችህ። አንተ ደግሞ ሂጂ ብለህ ነቀነቅክላት። እየሳቅክ!»

ክው ብሎ ቀረ። የሚያቃናውን በር ተደገፈ። «አልሰማኋትም» አለ።

«እኛ ቀለም ክፍል ሆነን የሰማነውን፣ አፍንጫዋ ሥር ቆመህ አልሰማሁም ትላለህ?»

«አልሰማም፣ ጋሼ። ድሮም አልሰማም። አሁንም የምታወሩኝን እያየሁት ነው።»

ሽማግሌው ሊቆጡ የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እጃቸው ከትከሻው ላይ ወረደ። ይሄን ያህል ዘመን ከዚያ ጥግ እዚህ ጥግ በከንፈር ሲያወሩት፣ እሱ ሌላ ቋንቋ እንደሌለው አንድም ቀን አልጠረጠሩም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ፊታቸውን አስጠግተው፣ ቃሏ በደንብ እንድትታይ አፋቸውን ከፍተው «ሩጥ» አሉት።

በሥራ ቱታው፣ በቅባት እጁ ሮጠ። ከኋላው ጡሩምባ የሚነፉበትን መኪኖች ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ መንገደኛውን እየገፋ መነኸሪያው ደረሰ። አውቶቡሱ አለ። አባቷ ወዲያ ሆነው ሻንጣ ያስጭናሉ። እሷ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ቆማለች። ስታየው ፊቷን አዞረች።

ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። «አልሰማሁሽም» አላት። በጣም ጮኾ ኖሮ ተሳፋሪው ሁሉ ዘወር አለ።

«ተወኝ» አለች። «ጋራዡ ሙሉ ሰው ሰምቶኛል።»

«እኔ አልሰማሁሽም። አልሰማም። ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል።» አየችው፤ አላመነችውም። «እሺ ጀርባሽን ስጪኝና የፈለግሽውን በዪ።»

ጥቂት አመነታችና ጀርባዋን ሰጠችው። ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል አየ። ምን አለች? ሰደበችው? ስሙን ጠራችው? ተመልሳ ዞረች፤ ፊቷ ከወዲሁ አመድ መስሏል።

«ምን አልኩ?»

«አላውቅም።»

ዓይኗ እሱ ላይ ሆኖ ልቧ ወደ ኋላ ሲሄድ ታየው፤ ክፍሉን፣ ካፌውን፣ ብርሃን ያለበትን ጠረጴዛ አንድ በአንድ እየዳሰሰ።

«ወረቀቱን አውርጂው ያልከኝ?»

«ለቃላቱ ነበር። መጀመሪያ ለቃላቱ። ወዲያው ደግሞ ለአንቺ። እምልልሻለሁ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሳለሁ ነው የወደድኩሽ።»

ይሄንንስ ልትቀበለው የቻለች መሰለች። ከንፈሯ ላላ አለ፤ እጇ ወደ እጁ ትንሽ እንኳን ተንቀሳቅሶ ነበር። መሀል ላይ ቆመ።

«ያን ቀን በጠባቡ መንገድ ስንሄድ የነገርኩህስ?»

አሁን ሊዋሻት ይችል ነበር። ከፊቷ ገምቶ፣ ፈራ ተባ ብሎ፣ አንድ ነገር ማለት ይችል ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ያደረገው እሱን አይደል? ዛሬ ግን ሰለቸው።

«ምን እንደነገርሽኝ አላውቅም» አላት።

«ፈገግ አልክልኝ እኮ።»

«አላውቅም። ይቅር በይኝ። አሁን ንገሪኝ፣ ፊትሽን እያየሁ።»

አልነገረችውም። አባቷ ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ተሳፋሪው መግባት ጀመረ። ደረጃውን ይዛ ወጣች። አልጎተታትም፣ አልለመናትም፤ በዚያች ሰዓት ምን መብት አለኝ ብሎ ቆሞ ቀረ።

መስኮቱ የማይከፈት ነው። እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠች፤ አባቷ አጠገቧ ሆነው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ጥቂት ወደ ፊት ስታይ ቆየችና ድንገት ሙሉ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ አላወጣችም፤ አባቷ ከጋዜጣቸው ቀና አላሉም። ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ሙሉ አድርጋ ነው የምትናገረው።

«ታናሽ እህት ነበረችኝ። ስትታመም ድምፅዋ ጠፋ። በመጨረሻው ቀን እጄን ይዛ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። አልሰማኋትም። ደገመችልኝ፤ አሁንም አልለየሁትም። እንዳትደክም ብዬ፣ እሺ ብዬ ነቀነቅኩላት። ደስ አላትና ሞተች። ምን እሺ እንዳልኳት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ባቲላሜራው እጁን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። እንባው ሲወርድ አልጠረገውም፤ ዓይኑን ከጠረገ አንድ ቃል ያመልጠዋል።

«ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ብቻ ነው። ስነግርህ አልደነገጥክም፣ ‹አይዞሽ› ብለህ ከአንገት በላይ አላዘንክልኝም። ነቀነቅክና ፈገግ አልክልኝ። እሷን ሆነህ ይቅር ያልከኝ መሰለኝ። የወደድኩህ ያን ቀን ነው።»

እዚህ ላይ እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ ልማዷ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አስተዋለች። መልሳ አወረደችው። ጭኗ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ ያዘችው፤ እንባዋ በአፏ ዳርና ዳር እየወረደ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊቷን ሳትሸፍን ለቀቀችለት። እንዲህ አምርራ የምትወደው ሴት እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ያየው።

«እኔ ያደረግኩትን ነው ያደረግከው። አልፈርድብህም። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር የማየው ያቺን ፈገግታ ነው። ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ስንት ሌሊት ተኝቻለሁ፤ ለካ ማንም አልሰማኝም ነበር። ከአንተ ጋር ሆኜ ይሄን መርሳት አልችልም። ሞክሬ አንተን ከምጠላ ልሂድ። ደህና ሁን።»

ቅንድቧ ተነሣ። «ገባህ?» አለችው።

ገብቶታል። ከፊትና ከኋላው ያለውን መጠየቅ፣ መገመት፣ መሙላት አላስፈለገውም። አንዲት ቃል አላመለጠችውም፤ ምነው ይህችን እንኳን ባላየሁ አለ በልቡ። እሷ መልሱን ትጠብቃለች። ሳይሰማ ስንቱን እሺ ሲል የኖረ አንገቱ ግን አልታዘዝ አለው።

አውቶቡሱ ከቆመበት ተነቃነቀ። ከበሩ ወጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ ፊቷን አልሸፈነችም፤ እሱም አልነቀነቀም።